አንበሶ የበላው ጭንቅላት

ባለፈው አረፋ አገር ቤት ነበርኩ፤ ለጋምቦ። ከደሴ ወጥተው ጉጉፍቱን ሲያልፉ ብርዱ በመኪናው መስኮት ገብቶ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። ለሦስት ቀን ብዬ ሄጄ አሥር ቀን ቆየሁ። ያቆየኝ አንድ ጠቦት ነው። ጠቦቱ ብቻ አይደለም፤ ሜሪላንድ ያለ አንድ ፈረስም አለበት። ሁለቱን ያገናኘብኝ ደግሞ ውሻችን አንበሶ ነው። ይህን ለመጻፍ ወራት የፈጀብኝ በውሻው ምክንያት ነው። ልጅ ሆኜ ውሻ የመመገብ ሥራ የእኔ ነበር።

ቦቃው ጠቦት ለአረፋ ተብሎ የከረመ ነው። አባባ ከጥር ጀምሮ ገብስ እየቆነጠረ ለብቻው ያበላው ነበር። እኔ ስደርስ ግን ከመንጋው ተነጥሎ ጉሮኖው ጥግ ቆሟል። ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘንብሏል። ጠጋ ስለው አልሸሸም። እጄን ዓይኑ አጠገብ ባወዛውዝም አልጨፈነም። ከዚያ መዞር ጀመረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የረገጠውን ጭቃ መልሶ እየረገጠ፣ አውድማ ላይ እህል እንደሚያበራይ በሬ። በሬውን እንኳ የሚነዳው ሰው አለ።

"አዙሪት ነው" አለ አባባ። ሌላ ነገር አልተናገረም። የገብሱን ቁና ግን በሆዱ ሲያሰላው ታወቀኝ።

ጉድለት ያለበት በግ ለኡድሒያ፣ ለአረፋው መሥዋዕት፣ አይሆንም። ሌላ በግ ተመረጠ። ቦቃው በአረፋ ዋዜማ "ሳይሞት" ተብሎ ታረደ። ሥጋው ተበላ፣ ቆዳው ተወጠረ፣ ጭንቅላቱን አንበሶ ወሰደው። አሁን መልሼ ሳነበው "ወሰደው" የምትለዋ ቃል አላስቀመጥ ትለኛለች። አንበሶ ከሰው እጅ የሚነጥቅ ውሻ አይደለም። ሰጠነው።

በኢሞ የመጣ ፈረስ

የአክስቴ ልጅ በዲቪ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፈረስ ቤት ትሠራለች። "አልጋ አንጣፊ ነኝ" እያለች ትቀልዳለች፤ የፈረስ አልጋ ማለቷ ነው። ፍግ ትዝቃለች፣ ገለባ ትነሰንሳለች፣ ውሃ ትቀይራለች። እዚህ እያለች ፈረስ ከመፍራቷ የተነሳ ዳማ በቆመበት በኩል አታልፍም ነበር። ዳማ የአባባ ፈረስ ነው። አቀስታ ገበያ የሚያደርሰው እሱ ነው።

የአረፋ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኢሞ ደወለች። እነሱ ጋ ጠዋት ነው። ኔትወርኩ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጥርት ብሎ ያዘ። ዒድ ሙባረክ ተባባልን። እናቴን እንደተለመደው አስለቀሰቻት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ከዚያ ካሜራውን አዞረችው።

"አጎቴ፣ እስቲ ይሄን ፈረስ ይዩልኝ። እርስዎ ፈረስ ያውቃሉ።"

ትልቅ ፈረስ ነው፤ የኛን ዳማ ሁለቱን ያክላል። አንድ ሰው ይዞት ቀስ እያለ ያስኬደዋል። የኋላ ግራ እግሩ ይዘገያል። ኮቴው መሬት እየጫረ ነው የሚመጣው። በጠባቡ ሲያዞሩት አንዱ እግሩ ሌላውን ይረግጣል። በግራ በኩል የታፋው ሥጋ ሟሟል፤ በቀኝ በኩል ግን ድፍን ነው። እንደዚያ እየሄደ ሳለ ሐኪሟ ከጎኑ መጣችና ጅራቱን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው። በቀኝ ስትስበው ፈረሱ ረግጦ ተቋቋማት። በግራ ስትስበው ግን ወገቡ ተከትሏት መጣ። ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

እናቴ ከረከቦቷ ቀና ብላ "ጓያ አብልተውት ይሆናል" አለች። አልተሳሳተችም ማለት ይቻላል፤ ጓያ የሰውንም የፈረስንም እግር ይሰብራል፤ የወሎ ሰው ይህን ከድርቅ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ለፈረስ ጓያ የሚሰጥ ሰው መኖሩን ግን እንጃ።

አባባ ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ። ዓይኑ አጠገብ አድርጎ ያየው ጀመር። "አንድ ጎኑን ነው የመታው" አለ። "እግሩ አይደለም። ስብራት ቢሆን ያነክሳል እንጂ እንዲህ አይንገዳገድም። ከላይ ነው። ከአንጎሉ ወይ ከሰረሰሩ ነው።"

"ሐኪሟም እሱን ነው ያለችው። ከደሙም ከሰረሰሩ ውሃም ወስደው አስመረመሩ። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ገብቶበት ነው አሉ፣ አንጎሉና ሰረሰሩ ውስጥ።"

"አዙሪት ነዋ!"

"ኧረ አጎቴ፣ ይሄኛው የፈረስ ነው።"

"የፈረስም ቢሆን" አለ አባባ። ጉዳዩን የዘጋው መስሎኝ ነበር።

ማን ይመግባታል?

አልዘጋውም። "ከየት መጣበት?" አላት።

ኦፖሰም ከምትባል እንስሳ ነው አለች። ድመት ታክላለች፣ ፊቷ ነጭ ነው፣ ጅራቷ የአይጥ ነው፣ ልጆቿን ሆዷ ላይ ባለ ከረጢት ትይዛለች። ስትደነግጥ የሞተች መስላ ትተኛለች። አባባ ይህን ሲሰማ "እንደ አንዳንድ ሰው" አለ። ከኩሷ ጋር የሚወጣው ነገር መኖ ላይ ወይም ውሃ ላይ ያርፋል። ፈረሱ አብሮ ይውጠዋል። እሷ ራሷ ምንም አትሆንም።

"አጠገቡ ላለው ፈረስስ ይተላለፋል?"

"አይተላለፍም። ከፈረስ ወደ ፈረስ የለም።"

"እሷስ ከየት አመጣችው?"

"የሞተ አውሬ ስትበላ። ድመትም ይሁን ሌላ፣ ሥጋው ውስጥ ያለውን ከበላች ሆዷ ውስጥ ይራባል።"

አባባ ስኒውን አስቀመጠ። "ማን ይመግባታል?"

"ማንም አይመግባትም አጎቴ። ራሷ ናት የምትመጣው። ድሮ የድመቶቹን ምግብ ማታ ውጭ እንተወው ነበር። እሱን ልትበላ ስትመጣ ነው መኖው ላይም የምትወጣው። አሁን ተከልክሏል። መኖው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ነው። የተደፋውን እህል ማታ ማታ እኔ ነኝ የምጠርገው።"

"አያችሁ" አለ አባባ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። "ይመግቧት ኖሯል።"

በዚያች ደቂቃ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንበሶ ከባሕር ዛፉ ሥር ተኝቷል። የቦቃውን ጭንቅላት በሁለት የፊት እግሩ መሬት ላይ ቆልፎ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣ በመንጋጋው ከማጅራቱ በኩል ይሰብራል። ቀንዱ አንዱ ወልቋል። ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር ሲሮጥ ተሰማኝ። ከብርዱ አልነበረም።

ትዝ ያለኝ ሰሌዳ ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለን የሳይንስ መምህራችን ክብ ሣለ። ክቡ ላይ ውሻ፣ ከውሻው ወደ ሣር ቀስት፣ ከሣሩ ወደ በግ ቀስት፣ ከበጉ መልሶ ወደ ውሻ ቀስት። ውሻው ሆድ ውስጥ ትል አለ። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። በጉ ይግጠዋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ገብቶ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱን ውሻ ከበላ ሌላ ትል ይሆናል። ከላዩ "የሕይወት ዑደት" ብሎ በትልቁ ጻፈበት። ፈተና ላይ መጣ። አሥር ከአሥር አገኘሁ። ሣሩን ሳይቀር በአረንጓዴ እርሳስ ቀብቼዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ቤታችን በግ ታርዶ ነበር። ጭንቅላቱን ለያኔው ውሻችን የወረወርኩት እኔ ነኝ። መወርወሬ እንኳ ትዝ የሚለኝ በአየር ላይ ስለቀለበው ነው፤ አስቆኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው "ዑደት" ነበር፣ ጉሮኖ ውስጥ ያለው "አዙሪት"። ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸው የገባኝ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ስልኩን የያዘው አባባ ነው፣ የሚታየው የሰው አገር ፈረስ ነው፣ እኔ የማየው አንበሶን ነው።

"አባባ፣ አዙሪት ከውሻ ነው የሚመጣው" አልኩት። "ጭንቅላቱን ውሻው ሲበላ ነው።"

ሁሉንም ነገርኩት። ሣሩን፣ ቀስቱን፣ ከረጢቱን። አልተቆጣም። ጨርሼ ዝም ስል ብቻ "መቼ ነው የተማርከው?" አለኝ።

"ስድስተኛ ክፍል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

መልስ የለኝም። ዛሬም የለኝም። የቀለድኩ መስሎኝ "አልጠየቅከኝማ" አልኩ፤ ማንም አልሳቀም። የአክስቴ ልጅ ከስልኩ ውስጥ "ሄሎ? ጠፋችሁ እንዴ?" ትላለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ያለ ቤት ተይዞ ይሆናል።

ሌሊቱን ያነበብኩት

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስለ ሜሪላንዱ ፈረስ በሽታ ሳነብ አደርኩ። ስለ አንበሶ ላለማሰብ ይመስለኛል።

በሽታው በምህጻር ኢፒኤም ይባላል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኬንታኪ ውስጥ ነው መጀመሪያ ልብ የተባለው። ጥገኛው ሳርኮሲስቲስ ኒውሮና የሚል ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ባለ አንድ ሴል ነው። ከወባ ጥገኛ ጋር በሩቁ ዘመዳሞች ናቸው። ዘመድነቱ መድኃኒቱ ላይም ይታያል፤ ለፈረሱ ከሚሰጡት የቆዩ መድኃኒቶች አንዱ ፒሪሜታሚን ነው። እኛ ቤት ፋንሲዳር ውስጥ ሆኖ ስንውጠው የኖርነው ማለት ነው። አባባ ቆላ ወርዶ በወባ ሲመለስ እናቴ በውሃ የምታስውጠው ኪኒን። ፈረሱ የሚወስደው ግን አዲሱን ነው፤ ፖናዙሪል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ነው። እንደ ሊጥ ያለ ነገር በትልቅ መርፌ መሰል ነገር ተሞልቶ በየቀኑ አፉ ውስጥ ይጨመቃል፣ ለ28 ቀን። የአክስቴ ልጅ የነገረችኝ ዋጋው በብር ሲመታ ከዳማ ዋጋ ይበልጣል። ለአባባ አልነገርኩትም።

ከታከሙት አብዛኞቹ ይሻላቸዋል። ልክ እንደ ድሮው የሚሆኑት ያንሳሉ፤ የሞተ ነርቭ አይመለስም። ቶሎ የተጀመረለት የተሻለ ዕድል አለው። ክትባት ተሞክሮ ነበር፣ ገበያ ላይ አልዘለቀም። ስለዚህ የሚቀረው መኖውን መክደን፣ ውሃውን መቀየር፣ የተደፋውን መጥረግ ነው። ሳይንሱ ዞሮ ዞሮ መጥረጊያ ላይ ደረሰ።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን በላኝ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከፈረሶቹ ግማሽ ያህሉ ደማቸው ሲታይ ለጥገኛው ተጋልጠዋል። የሚታመመው ግን ከመቶ አንዱ እንኳ አይሆንም። ረጅም ጉዞ፣ ወሊድ፣ ሌላ በሽታ፣ እንዲህ ያለ ጭንቀት ሲደርስበት ነው አንዱ የሚወድቀው። ደግሞ ጥገኛው ራሱ ከፈረሱ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ፈረሱን የምትበላ ኦፖሰም የለችም። መንገድ ስቶ የገባበት ቤት ነው። እዚያው ያልቃል።

የኛው እንደዚያ አይደለም። የኛው ትል መንገድ አልሳተም። አውቆ ነው በጉ አንጎል ውስጥ የሚቀመጠው። ቢላ የያዘ ሰውና የራበው ውሻ እስኪመጡለት ይጠብቃል።

ሲከፈት

በማግስቱ የጎረቤታችን በግ መዞር ጀመረች። በወረዳው የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለዳማ ኮቴ ጉዳይ ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው፤ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በጓን ያዘና በአውራ ጣቱ ግንባሯን ይጫን ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የአባባን ጣት ወስዶ እዚያው አስቀመጠው። "ይሰማዎታል አባቴ?" አጥንቱ ሳስቷል። እንደ ካርቶን ገባ ይላል።

እንዲህ አጥንቱ የሳሳበት ቦታ ከታወቀ፣ በቀዶ ጥገና ከፍቶ ከረጢቱን ማውጣት ይቻላል አለን። የዳኑ አሉ። ግን መሣሪያው፣ ማደንዘዣው፣ ንጽሕናው አለ። በግ ለትል የምንግታት መድኃኒት ደግሞ ከረጢቱ ካደገ በኋላ ለዚህ እምብዛም አይረዳም። አያቴ በጋለ ማጭድ የበጎቹን ግንባር ይተኩስ ነበር። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ፣ ለትሕትና ሲል ዝም አለ።

ጎረቤታችን ማሳረዱን መረጠ። ባለሙያው "ጭንቅላቷን ስጡኝ" አለ። ማዳበሪያ ጆንያ መሬት ላይ አነጠፈ፣ ጓንት አጠለቀ፣ የጎረቤታችንን ፋስ አስመጣ። ሁለት ጊዜ መታ። ሦስተኛውን በቢላ ጨረሰው። የራስ ቅሉ ክዳን ሲነሳ አንጎሉ በአንድ በኩል ተደፍጥጧል። በሌላው በኩል የዶሮ እንቁላል የሚያህል ከረጢት ተቀምጧል። ስስ ነው፣ በውስጡ ብርሃን ያልፋል። ንጹሕ ውሃ የሞላው ፌስታል ይመስላል። ግድግዳው ላይ ሰሊጥ የበተኑበት ይመስል ነጭ ነጥቦች በየቦታው ተሰብስበው ተለጥፈዋል።

"እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ራስ ናት" አለ ባለሙያው። "ውሻ ሲበላት እያንዳንዷ አንድ ትል መሆን ትችላለች።"

አባባ ተቀምጦ መቁጠር ጀመረ። በስንደዶ እየነካካ። አርባ ስድስት ላይ ተወው። ቀና ሲል ዓይኑን ወደ ግቢያችን አዞረ። አንበሶ ጭራውን እየቆላ ከአጥሩ በኩል ቆሟል፤ ሥጋ ሸቶታል።

ውሻው ሆድ ውስጥ ትሉ አድጎ እንቁላል ለመጣል ስድስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። በጉ አንጎል ውስጥ ከረጢቱ አድጎ በጉን ለማዞር ደግሞ ስድስት ሰባት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የሚዞር በግ ዛሬ አልታመመም። ባለፈው ዓመት ከሣሩ ጋር የጋጠው ነው የሚያዞረው። አዙሪቱ የሚያጠቃው በአብዛኛው ጠቦቱንና ወጣቱን መሆኑም ለባለቤቱ ሌላ ክስረት ነው፤ ሊሸጥ ሲል ነው የሚጀምረው።

ስለ ሜሪላንዱ ፈረስ ጠየቅሁት። ሳቀ። "እሷ እንስሳ እዚህ የለችም፣ ለዳማ አትስጋ" አለኝ። የኛ አገር ፈረስ የኋላው ሲደክም በባለሙያ መታየት ያለበት ሌላ አለ። ዱሪን የሚባል ከጥገኛ የሚመጣ በሽታ አለ፤ በአርሲና ባሌ ደጋ የታወቀ ነው፤ ዝንብም አያስፈልገው፣ በስሪያ ነው የሚተላለፈው። መጀመሪያ ብልቱ አካባቢ ያብጣል፣ ኋላ ወገቡ ይከዳዋል። ክትባት የለውም። ከማይታወቅ ድንጉላ ፈረስ ጋር ባዝራን አለማገናኘት ነው መከላከያው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእብድ ውሻ በሽታን አነሳ። ፈረስም በግም ሆነ በሬ ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ፣ መዋጥ ሲያቅተው፣ "ጉሮሮው ላይ የተወጋ ነገር አለ" ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ። "እጅ አታስገቡ" አለ። ይህን ሁለት ጊዜ ነው የተናገረው።

ጉድጓዱ

ለአንበሶ ኪኒን አገኘንለት። ፕራዚኳንቴል ነው፣ ለብልሃርዚያ የሚሰጠው። ከሚሴ አካባቢ ያደገ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ባለሙያው በኪሎው ልክ ቆርጦ ሰጠን፤ በራሳችሁ ግምት እንዳትሰጡ ብሎ አስጠነቀቀ። ቀላል መስሎኝ ነበር። በእንጀራ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ እንጀራውን በልቶ ኪኒኑን ተፋው። በጮማ ጠቀለልኩት፤ ጮማውን ብቻ ላሰ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፣ አንበሶ የበላበትን ሳይጮህ ይመረምራል። በመጨረሻ እናቴ ጉበት ውስጥ ኪስ ቆርጣ ከተተችው። ሳያኝክ ዋጠ።

ከዚያ ሁለት ቀን ታሰረ። መድኃኒቱ ትሉን ሲጥለው እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ስለዚህ በየሜዳው እንዳይዞር። ኩሱን እኔ ነኝ በአካፋ እየዛቅሁ የቀበርኩት። የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላኩላት። "እንኳን ወደ ሙያችን በደህና መጣህ" ብላ መለሰችልኝ።

ይህ በየስድስት ወይ በየስምንት ሳምንቱ መደገም አለበት። የአንበሶ ብቻ ደግሞ ምን ይፈይዳል? ሣሩ የጋራ ነው። ውሻው አጥር አያውቅም። በሰፈራችን የቆጠርኳቸው ብቻ አሥራ አራት ናቸው፤ ባለቤት የሌላቸውን ሳይጨምር። አባባ ዱዓ ላይ ነገሩን አነሳው። አንዳንዱ ሰማ። አንዱ ሽማግሌ "ውሻዬ እኔ ቤት የሚያገኘው ጭንቅላት ብቻ ነው፣ እሱንም ከከለከልኩት ምን ሊጠብቅልኝ ነው?" አሉ። መልስ አልነበረንም። እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ስለ ውሻ ቀለብ አስቤ አላውቅም፤ የሚበላው ከእኛ የተረፈውን ነው፣ የምንጥለውም ለእኛ የማይሆነውን ነው። አባባ "ቀቅለህ ስጠው" አላቸው። ማገዶ ከየት ይምጣ አሉ። ለጋምቦ ውስጥ ማገዶ ኩበት ነው፣ ኩበትም ገንዘብ ነው።

እኔ ከመመለሴ በፊት ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈርን። አባባ እስከ ወገቡ ገብቶ ነው የቆፈረው፤ እኔ አፈር አወጣሁ። የአረፋውን በግ ጭንቅላት ምንም እንኳ ጤነኛ ቢሆን መጀመሪያ እሱን ከተትንበት። ከቦቃው ጭንቅላት የቀረውን ስብርባሪም ለቃቅሜ ጨመርኩ። ጥቂት ነው የቀረው። ሆድ ዕቃው ላይ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ካገኛችሁ እሱንም እዚሁ ብሎናል ባለሙያው። እሱ ሌላ ትል ነው፤ የሱ እንቁላል ሰውንም ይይዛል። ይህን ሲሰማ አባባ ልጆቹ አንበሶ ላይ ሲንከባለሉ ያይ ነበር። "እጃችሁን ታጠቡ!" ብሎ ጮኸባቸው። ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ደወለ።

"ጅብ ቆፈረው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። የጅቡን ትርፍ ደግሞ የነ እንትና ውሾች ሲጎትቱት አደሩ።"

ዝም አልን። እኔ በሆዴ ሰሌዳው ላይ አንድ ቀስት ጨመርኩ። እሱ ግን ወዲያው "አብሽር፣ ጠለቅ አድርጌ ቆፍሬዋለሁ" አለኝ። "ድንጋይ ጭኜበታለሁ፣ እሾህ ደርቤበታለሁ።" ግልገሎቹስ አልኩት። ሰባት ናቸው፣ ይቦርቃሉ። ባለፈው ዓመት ሣር የጋጡት ገና አልታወቁም።

ሊዘጋ ሲል "ያ ፈረስስ?" አለ።

28 ቀኑን ጨርሶ ሌላ ዙር እንደጀመሩለት ነገርኩት። ታፋው አልሞላም። እግሩ ግን መሬት መጫሩን ቀንሷል።

"ጅራቱን ሳቡት?"

"ሳቡት። ትናንት ቪዲዮውን ላከችልኝ።"

"በግራ?"

"በግራም።"

"እሺ?"

"ተንገዳገደ። ከዚያ ቆመ።"